ቅጠል ሲረግፍ በብሮንክስ

በኒውዮርክ ከተማ የሚገኘው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ስፋቱ ወደ 107 ሄክታር ይጠጋል። ከመስከረም እስከ ኅዳር ዛፎቹ ቅጠላቸውን ሲያራግፉ እንስሳቱም ይለወጣሉ። ምልክቱን የሚሰጣቸው ብርዱ ብቻ ሳይሆን የቀኑ ማጠርም ነው። ሌሊቱ ሲረዝም በአንጎል ውስጥ ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ለረጅም ሰዓት ይመነጫል፤ ሰውነትም ለብርዱ ወራት ይሰናዳል።

ባይሰን የተባለው የአሜሪካ ጎሽ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ያበቅላል። ጸጉሩ የሰውነቱን ሙቀት አፍኖ ስለሚይዝ በጀርባው ላይ ያረፈ በረዶ ሳይቀልጥ ይቆያል። ድቡ አብዝቶ እየበላ ስብ ያከማቻል። የዱሩ ድብ ወደ ዋሻው ገብቶ ያንቀላፋል፤ ምግብ የማይቋረጥበት የማቆያው ድብ ግን ብዙውን ጊዜ ረጅሙን እንቅልፍ አይተኛም።

ኢትዮጵያዊ ጎብኚን የሚያስቆመው የጭላዳዎቹ ስፍራ ነው። የተሠራው የኢትዮጵያን ደጋ እንዲመስል ተደርጎ ነው። ጭላዳ የስሜን ተራሮችን የሌሊት ውርጭ የለመደ ዝርያ በመሆኑ የኒውዮርክ ቀዝቃዛ ጠዋት አይበግረውም። ወንዱ ጋማውን እንደ ካባ ደርቦ በቂጡ ይቀመጣል፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ሣሩን አንድ በአንድ እየነጨ ይበላል።

እነዚህ ለውጦች በአንድ ቀን አይታዩም። ያንኑ እንስሳ በየሁለት ሳምንቱ ተመልሶ ያየ ሰው ግን ወቅቱ ሲዞር በዓይኑ ይከታተላል።