ሲፕሮና የገበሬው ተረከዝ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ መድኃኒትና ስለ አንድ ጅማት ነው። መድኃኒቱ ብዙ ሰው ሲፕሮ የሚለው ሲፕሮፍሎክሳሲን ነው፤ ጅማቱም ከባት ወርዶ ተረከዝን የሚይዘው ነው።

ሲፕሮ በታይፎይድ፣ በተቅማጥና በሽንት ቧንቧ ሕመም የተያዘውን ብዙ ሰው አድኗል። ስለዚህ መድኃኒቱን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ነገር ግን እርሱና ዘመዶቹ፣ ሊቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን፣ አልፎ አልፎ ጅማትን ያሳምማሉ፤ ሲብስም ይበጥሳሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ይህ ከሁሉ በከበደው የማስጠንቀቂያ ዓይነት እንዲጻፍባቸው አዘዘ። በ2018 ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ድርጅት ለቀላል ሕመም እንዳይታዘዙ አሳሰበ።

ጉዳቱ የሚደርሰው በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ሆኖም ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ እንዲሁም ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን አብረው የሚወስዱ ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከባድ የጉልበት ሥራም አደጋውን ከሚያባብሱት መካከል ይቈጠራል። እንግዲህ በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በክረምት ጭቃ በሬ ጠምዶ የጤፍ ማሳውን የሚደጋግም፣ ወይም በርበሬውን ይዞ ወደ ቡሬ ገበያ በእግሩ የሚገሠግሥ ገበሬ ይህ አይመለከተውም ልንል እንችላለንን?

ሕመሙ መድኃኒቱ በተጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሊነሣ ይችላል፤ ክኒኑ ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ገበሬው ግን ተረከዙን ሲያመው ነገሩን በእርሻው ያሳብባል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ይታሻል፤ በማግሥቱም እርፉን ይጨብጣል። ክኒኑን የሚያስታውሰው የለም። ጅማት ብዙ ደም የማይደርሰው ስለ ሆነ ከተበጠሰ ቶሎ አይጠግግም፤ የእርሻው ወቅት ግን አይጠብቅም።

ማስጠንቀቂያው ተጽፎ በካርቶኑ ውስጥ አለ። የተጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ያንን ወረቀት አንብቦ ለአባቱ በአማርኛ የሚያስረዳ ከእኛ በቀር ማን አለ? በክረምቱ ዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ሦስት ነገር እንንገር።

አንደኛ፤ ሲፕሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይገዛ፤ ከጎረቤት የተረፈውም አይዋጥ። ሁለተኛ፤ ሐኪም ሲያዝ በሽተኛው ዕድሜውን፣ የኩላሊቱን ሁኔታና የሚወስደውን ሌላ መድኃኒት ይንገረው። ሦስተኛ፤ ተረከዝ ቢያምም ወይም ቢያብጥ ሥራ ይቁም፤ እግር ይረፍ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ተኪዶ «ይህን ክኒን ወስጃለሁ» ይባል። ሐኪሙ በሌላ መድኃኒት ሊለውጠው ይችላል። መድኃኒት ለተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሊቮፍሎክሳሲን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር በራሱ አያቋርጥ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ቅጠሉ በእጃችን ነው።