ስለ ቤት ባልትናና ስለ እጅ ሥራ

(በሞያሌ፥ በማንያታ ሰፈር ለተሰበሰቡ ሹማምንትና የከተማ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበት ጉዳይ ስለ ግብር ወይም ስለ ወሰን አይደለም፤ ስለ ማድ ቤት፥ ስለ መርፌና ስለ ቅቤ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ የጓዳ ወሬ እንጂ የአስተዳደር ጉዳይ ነውን?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ከየቤቱ በየቀኑ የሚወጣው ገንዘብ፥ ሕፃን የሚበላው ምግብና ልጃገረድ ፊቷን የምትቀባው ቅባት የሕዝብ ሀብትና ጤና ነው። የሕዝብ ሀብትና ጤና ደግሞ የአስተዳደር ጉዳይ መሆኑን የሚክድ የለም።

እንደሚታወቀው ሞያሌ በአንድ ስም ተጠርታ በሁለት መንግሥታት የምትተዳደር ከተማ ናት። ቦረናው፥ ገብራው፥ ገሪው፥ ቡርጂው፥ ሱማሌውና ከደጋ የመጣው ወገን በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ከለበሰ፥ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ጣቢያ መርቀው ከከፈቱ ወዲህ የዕቃው መመላለስ ቀሏል። ይህ ሊመሰገን የሚገባው ነገር ነው። ሆኖም ስኳርና ጨርቅ የሚያመጣ መንገድ ምንነቱ ያልታወቀ ብልቃጥም ያመጣል። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «በውስጡ ምን አለበት?» የሚለው ነው። በገዛ እጃችን የሠራነውን እናውቀዋለን፤ ያልሠራነውን ግን ጠይቀን ልናውቀው ይገባል።

መጀመሪያ ስለ ምግብ ልናገር። ለልጆች መክሰስና ለመንገደኛ ስንቅ ከሚሆኑት ሁሉ ዳቦ ቆሎን የሚተካከል ጥቂት ነው። አሠራሩም ቀላል ነው። አራት ስኒ የስንዴ ዱቄት፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት በርበሬ ይደባለቃል። ግማሽ ስኒ ዘይት ይጨመርበትና በእጅ ይታሻል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየተጨመረ ጠንከር ብሎ ይለወሳል። ሊጡ ትንሽ ካረፈ በኋላ እንደ ትንሽ ጣት ቅጥነት እየተድቦለቦለ ይዘረጋል፤ በቢላዋም እንደ ሽንብራ ፍሬ መጠን ይቆራረጣል። በመጨረሻ በመጠነኛ እሳት ላይ በምጣድ እየተማሰለ ወርቅማ መልክ እስኪይዝ ይቆላል። ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ በዕቃ ቢከደን ይለሰልሳል፤ ቀዝቅዞ በደረቅ ዕቃ ቢቀመጥ ግን ለብዙ ቀን ሳይበላሽ ይቆያል።

በዚህ በኬንያ ወገን ያላችሁ እናቶች ደግሞ መንዳዚን ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ፤ የምናገረው ከማዶ ላሉት ነው። ሦስት ስኒ ዱቄት፥ ሩብ ስኒ ስኳር፥ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ሄል ተደባልቆ፥ ለብ ባለ አንድ ስኒ ወተት ይለወሳል። ግማሽ ሰዓት ያህል ካረፈ በኋላ ተዳምጦ በሦስት ማዕዘን ይቆረጥና በጋለ ዘይት ይጠበሳል። ዘይቱ ሲጠቁርና ሲጨስ ግን እርሱን መልሶ መላልሶ ማፍላት አይገባም። የልጅ ገንዘብ በየሱቁ ለጣፋጭ ከሚበተን፥ እናት ይህን በቤቷ ብትሠራ፥ ትርፍ ቢኖራትም ለጎረቤት ብትሸጥ፥ ሁለት ጊዜ ተጠቀመች ማለት ነው።

የቦረናንም ባልትና ሳላነሣ አላልፍም። ቡናን ከነገለፈቱ በቅቤ አብስሎ ከወተት ጋር ለእንግዳ የሚያቀርቡበት ቡነ ቀላ የተባለው ሥርዓት ምግብም ምርቃትም ነው። የወተት ዕቃ አያያዛቸውም ትልቅ ትምህርት አለበት። የቦረና ሴቶች ከዕፀዋት ጭረት አጥብቀው የሚሰፉት የወተት ዕቃ ወተት አያፈስስም፤ ውስጡንም በእንጨት ፍም ያጥኑታል። የደጋ ሴቶች ቅሉን በወይራ እንደሚያጥኑት ማለት ነው። ጢሱ መዓዛ ይሰጣል፤ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። ነገር ግን ማጠን ማፍላትን አይተካም። ባልፈላ ወተት የሚተላለፍ ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ አለ፤ ይህም ሰውን በትኩሳትና በመገጣጠሚያ ሕመም ለብዙ ጊዜ የሚያሠቃይ ነው። ስለዚህ ዕቃው ይታጠን፤ ወተቱም ይፍላ።

ቀጥሎ ብዙ ልናገርበት ወደማስበው ወደ ውበት ጉዳይ እመጣለሁ።

የሰው ልጅ ራሱን ማሳመሩ ነውር አይደለም። እናቶቻችን ጨው ያልገባበት ለጋ ቅቤ በመዳፋቸው አሙቀው የራስ ቆዳቸውን ያሹ ነበር፤ በሻሽ አሥረው አድረውም ጧት በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ ነበር። ቅቤ አዲስ ጸጉር ያበቅላል ብዬ አልነግራችሁም፤ የጸጉርን ድርቀት ግን ያለዝባል፤ በቆላ ፀሐይና አቧራ ለምንኖር ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሱማሌዎች ቀሲል የሚሉት ደግሞ በጥላ የደረቀ የቁርቁራ ቅጠል ተወቅጦና ተነፍቶ የሚገኝ ዱቄት ነው። በውኃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። አንድ ማንኪያውን በውኃ አቅጥኖ ፊት ላይ ለአሥር ደቂቃ ያህል አቆይቶ መታጠብ የፊትን ወዝና እድፍ ያነሣል። ዐይን ውስጥ እንዳይገባ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አስቀድሞም በክንድ ውስጠኛ ክፍል ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ ብልኅነት ነው፤ የአንዱን ቆዳ የተስማማ ሁሉ የሌላውን አይስማማምና።

የደጋ ሴት እጅና እግሯን በእንሶስላ ሥር እንደምታሞቅ፥ የቆላ ሴት በሂና ታጌጣለች። የሂና ቅጠል ዱቄት በጥሩ ወንፊት ተነፍቶ፥ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት የሎሚ ጭማቂ ተለውሶ፥ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ይቀባል፤ አራት ወይም አምስት ሰዓት ቆይቶም ይፋቃል። እውነተኛ ሂና የሚሰጠው ቀለም ከብርቱካን እስከ ቀይ ቡናማ ነው። «ጥቁር ሂና» ተብሎ በቶሎ የሚያጠቁረው ግን ብዙ ጊዜ ፓራፌኒሊንዲያሚን የሚባል የጸጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተጨመረበት ነው። ይህ ኬሚካል ቆዳን ሊያቆስል፥ ውኃ ሊያስቋጥርና ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ለሰርግ የተዋበች ሙሽራ በሳምንቱ በቍስል እንድትታይ የሚወድ ማን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የቤትና የጥንት ነገር ሁሉ ደኅና ነው፥ የሱቅ ነገር ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ኩል የጥንት ጌጣችን ነው፤ ነገር ግን ብዙው የገበያ ኩል እርሳስ ካለበት ድንጋይ የተፈጨ ነው። እርሳስ በጥቂቱም ቢሆን የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይገልጻል። ሕፃን ዐይኑ እንዲያምር ወይም ከቡዳ እንዲጠበቅ ብለን የምንኩለው ኩል ለእርሱ ጠላት ሊሆን ይችላልና፥ የሕፃናትን ዐይን አለመኳል ነው የሚሻለው። ልማድን ማክበር ማለት ሳይመረምሩ መቀበል ማለት አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቆዳን ያነጣል ተብሎ የሚሸጠው ቅባትና ሳሙና ነው። ከእነዚህ በአንዳንዱ ባዜቃ፥ ማለት ሜርኩሪ፥ ይገኛል፤ በአንዳንዱ ሃይድሮኪኖን ወይም ሐኪም ያላዘዘው ብርቱ መድኃኒት አለበት። ባዜቃ ኵላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ከሚቀባው ሰው እጅ፥ ከፎጣውና ከመኝታውም ወደ ሌላው ቤተ ሰብ ይተላለፋል። ስለዚህም መንግሥታት በ2006 ዓ.ም. በጃፓን አገር በተፈራረሙት የሚናማታ ስምምነት፥ ባዜቃ ያለበት የቆዳ ማንጫ ከገበያ እንዲወገድ ተወስኗል። የሚገዛ ሰው በብልቃጡ ላይ የሠሪው ስምና የውስጡ ዝርዝር መጻፉን ይመልከት። «ወርቅና ብር እንዳይነካው ተጠንቀቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካየ ባዜቃ እንዳለበት ይጠርጥርና ይመልሰው። ወርቅን የሚያበላሽ ነገር የልጃችንን ጕንጭ እንዴት ያሳምራል?

ከዚህም ጋር ለወንድሞቼ አንድ ቃል አለኝ። ልጃገረዶች ይህን መርዝ የሚቀቡት እኛ በየጨዋታችን ቅላትን ስናሞግስ እየሰሙ ነው። በየቤታችን ጠይሟንም ቀይዋንም በእኩል ብናመሰግን፥ ብልቃጡ ገዢ ያጣ ነበር።

ሦስተኛው ክፍል የእጅ ሥራ ነው። በደጋው አገር ሴቶች ስንደዶና አክርማ በወስፌ እየሰፉ፥ ቀለም በገባበት አለላ እያስጌጡ መሶብና ሰፌድ ይሠራሉ፤ በኬንያም ኪዮንዶ የተባለው ዘንቢል የታወቀ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በአዲስ አበባ የነበረው የእቴጌ መነን የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ይህን ዓይነቱን ጥበብ ከጓዳ አውጥቶ ለእንጀራ ማግኛ አድርጎት ነበር። ለጀማሪ የሚስማማውን አንድ ሥራ ብቻ ላሳያችሁ።

ኬንያ ከነሐሴ 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላስቲክ መያዣ ከረጢትን ከልክላለች፤ ስለዚህ ድንበር የሚሻገር ሰው ሁሉ የጨርቅ ከረጢት ያስፈልገዋል። አንድ ሜትር ርዝመትና 45 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አቡጀዲ፥ ወይም ያረጀ ሌሶ ይወሰዳል። ውጫዊ ፊቱ ወደ ውስጥ ሆኖ ለሁለት ይታጠፍና ግራና ቀኙ ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገባ ተብሎ በድርብ ስፌት ይሰፋል። አፉ ሦስት ሳንቲ ሜትር ታጥፎ ይቀመቀማል። ለማንገቻ 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች በቁመታቸው አራት እጥፍ ታጥፈው ይሰፋሉ፤ ጫፋቸውም በአፉ ላይ በመስቀል ስፌት ይጠብቃል። ከዚያ ተገልብጦ ለሥራ ይውላል። በእጅ መርፌ ቢሠራ እንኳ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ዓመታትም ያገለግላል። ይህም የሴቶች ሥራ ብቻ ነው አይባል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ወንዶችም መርፌ ይዘን አዝራር መትከልና የተቀደደ መጣፍ ተምረናል፤ የአገራችን ሸማኔና ልብስ ሰፊም አብዛኛው ወንድ ነው።

እንግዲህ ለሹማምንት ሦስት አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፥ በገበያ ቀን የእጅ ሥራና የቤት ምግብ ለሚያቀርቡ ሴቶች ጥላና ንጹሕ ውኃ ያለበት ስፍራ ይለይላቸው። ሁለተኛ፥ የሁለቱ ወገን የጤና ሠራተኞች ተባብረው የቆዳ ማንጫዎችን በየሱቁ ይመርምሩ፤ የተገኘውንም ለሕዝብ በቦረንኛ፥ በሱማልኛ፥ በስዋሂሊና በአማርኛ ያስታውቁ። ሦስተኛ፥ በየትምህርት ቤቱ በሳምንት አንድ ሰዓት ለእጅ ሥራ ይመደብ፤ አስተማሪዎቹም ሙያውን የሚያውቁት የሰፈር እናቶች ይሁኑ።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ትዕቢትን ለመከልከል የተነገረ መልካም ቃል ነው። ነገር ግን በልብ ብቻ ተዘግቶ የቀረ ሙያ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። እናንተ እናቶች የምታውቁትን ለልጆቻችሁ በእጃቸው አስይዛችሁ አስተምሯቸው። ልጆች ሆይ፥ እናንተም የተማራችሁትን ፊደል ተጠቅማችሁ የብልቃጡን ጽሑፍ ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው። አንዱ የሌላውን ጉድለት ሲሞላ ቤት ይቆማል፤ ቤት ሲቆም ከተማ ይለማል።