የትራክተሩ ክንድ ለምን ይደክማል?

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ አዳራሽ ስለ አገር ልማት ብዙ ከፍ ያለ ንግግር ተደርጓል። እኛ ግን ዛሬ ዝቅ ብለን፥ ስለ አንድ ትንሽ ትራክተርና በእርሱ ላይ ስለ ሠራነው ስሕተት እንናገራለን።

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ለልምምድ በተመደብንበት እርሻ፥ ከፊቱ ሎደር የተገጠመለት ትንሽ ትራክተር ነበር። ፍግ ይጭናል፥ አፈር ይጠርጋል፥ ከረጢት ያነሣል። አንድ ሰሞን ሎደሩ ጭነት ማንሣት አቃተው። ዕድሜያቸውን በትራክተር ላይ ያሳለፉት አዛውንት ነጂ፥ «ልጆቼ፥ ጧት ጧት ያቃስታል፤ ረፈድ ሲልና ሲሞቅ ይሻለዋል» አሉን። እኛ ሰምተን እንዳልሰማን ሆንን። መጽሐፍ ያነበብን ነንና፥ «ፓምፑ አልቋል» ብለን ፈረድን። ፓምፑ ተፈትቶ ወደ ከተማ ተላከ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላም «ምንም አልሆነም» ተብሎ ተመለሰ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሠራተኞቹ ፍጉን በአካፋ እየዛቁ በቃሬዛ ተሸከሙት። ጥፋቱ የተገኘው የመምጠጫው ፊልትሮ ሲከፈት ነው፤ በአሮጌ ዘይት ዝቃጭ ተደፍኖ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ፈረንሳዊው ፓስካል፥ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1663 በታተመው ድርሰቱ እንዳስረዳው፥ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ግፊት በየአቅጣጫው እኩል ይደርሳል። የሎደሩም ጉልበት ከዚህ የመጣ ነው። የፒስተኑ ስፋት በዲያሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ፊቱ 19.6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የዘይቱ ግፊት በካሬ ሳንቲ ሜትር 150 ኪሎ ቢሆን፥ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ከ2,900 ኪሎ በላይ ይገፋል። እንግዲህ ሎደር ሲደክም፥ ወይ ግፊቱ አልተፈጠረም፥ ወይ ተፈጥሮ በመንገድ ይሾልካል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። በብዙዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች፥ ከአንድ ፓምፕ የሚወጣው ዘይት በመጀመሪያ በሎደሩ ቫልቭ ያልፍና ቀጥሎ ወደ ኋላው ማንሻ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለቱም ከደከሙ፥ ጥፋቱ በጋራ ንብረታቸው ላይ ነው፤ ይኸውም በዘይቱ፥ በፊልትሮው፥ በፓምፑ ወይም ግፊትን በሚወስነው ቫልቭ ላይ ነው። የኋላው ደኅና ሆኖ ሎደሩ ብቻ ከደከመ ግን ፓምፑን መክሰስ በደል ነው፤ የሎደሩ የራሱ ቫልቭ፥ ቱቦዎቹና ማያያዣዎቹ ይመርመሩ። በሚገባ ያልገጠመ አንድ የቱቦ ማያያዣ ብቻውን ሎደሩን ሊያስቆመው ይችላል።

ሁለተኛው ዘይቱን ማየት ነው። ትራክተሩ በሜዳ ላይ ቆሞ፥ ባልዲው መሬት ተቀምጦ ይለካ። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቶበታል፤ አረፋ ከያዘ በመምጠጫው በኩል አየር ይስባል።

ሦስተኛው አዛውንቱ የነገሩን ነው። ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፥ ሲሞቅ ይቀጥናል። ጧት እያቃሰተ የሚደክም፥ ሲሞቅ የሚሻለው ማሽን፥ ወፍራሙ ዘይት በጠበበ መንገድ አላልፍ ብሎታል፤ ፊልትሮው ይታይ። ጧት በርትቶ ሲሞቅ የሚደክም ግን፥ ቀጭኑ ዘይት ባለቀ ብረት መካከል እየሾለከ ነው፤ ያን ጊዜ ፓምፑን መጠርጠር ይገባል። እንግዲህ አዛውንቱ በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሱን ሰጥተውን ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። ተነሥቶ የቆመ ሎደር ቀስ እያለ ሲወርድ፥ «የሲሊንደሩ ጎሚኒ አልቋል» ይባላል። ነገር ግን እናስብ። ክንዱ ሲወርድ የፒስተኑ ዘንግ ወደ ሲሊንደሩ ይገባል። ዘንጉ 3 ሳንቲ ሜትር ቢወፍር፥ 1 ሳንቲ ሜትር በገባ ቁጥር 7 ኩብ ሳንቲ ሜትር ያህል ዘይት ለቆለት መውጣት አለበት። በፒስተኑ ዳር የሾለከው ዘይት ከዚያው ከሲሊንደሩ አልወጣም። ስለዚህ ከውጭ የሚንጠባጠብ ከሌለ፥ ዘይቱ የወጣው በመቆጣጠሪያው ቫልቭ ነው። ያለቀ ጎሚኒ ግፊቱን ከፍ አድርጎ መውረዱን ያፋጥናል እንጂ ብቻውን አያወርደውም። ባልዲው ወደ ፊት ሲዘነበል ግን፥ በብዙዎቹ ሎደሮች ዘንጉ ወደ ውጭ ይሳባልና፥ ያን ጊዜ ጎሚኒው ብቻውን ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ደግሞም በጥቂቱ መውረድ የዚህ ዐይነት ቫልቭ ጠባይ እንጂ በሽታ አይደለም።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ግፊቱ አነሰ ብሎ ያለ ግፊት መለኪያ ወሳኙን ቫልቭ ማጥበቅ ቱቦ ያፈነዳል። የሚያፈስ ቀዳዳንም በእጅ መፈለግ ክልክል ነው፤ እንደ መርፌ የቀጠነ የዘይት ፍንጣቂ ቆዳን ይበሳል። ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር በቀዶ ጥገና ሐኪም መታየት አለበት፤ ካልታየ እጅ ያስቈርጣል። ቀዳዳው በካርቶን ቍራጭ ይፈለግ። ከመፍታት በፊት ባልዲው መሬት ይቀመጥ፥ ሞተሩ ይጥፋ፥ ማንሻውም ወዲያና ወዲህ ተወዝውዞ ግፊቱ ይውጣ። በተነሣ ሎደር ሥር ማንም አይግባ።

ፓምፑ ተመልሶ በተገጠመ ዕለት አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቅናቸው። እርሳቸው ግን ስለ እኛ ነገር ትተው፥ «ለመሆኑ ይህ ዘይት መቼ ነበር የተለወጠው?» አሉ። መዝገብ የያዘ ሰው ስላልነበረ መልስ የሰጠ አልተገኘም። እኛም ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘይቱና ፊልትሮው የተለወጡበትን ቀን የሚያሳይ ደብተር አዘጋጅተን ለእርሻው ሰጠን፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም፥ «ከመፍታትህ በፊት ነጂውን ጠይቅ» ብለን ጻፍን። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ ልዩ ልዩ እርሻዎች የምትሄዱ ጓደኞቻችንም ይህንኑ እንድታደርጉ አደራ እንላለን።