ገበሬውና ያልታመነው ዝናብ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ብዙዎቻችን የገበሬ ልጆች ነን። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንገባ አባቶቻችን ጤናችንን ከጠየቁ በኋላ የሚያነሡት አንድ ነገር አለ፤ «እንዲያው እናንተ የተማራችሁት፣ የዘንድሮው ዝናብ እንዴት ነው ይባላል?» ይሉናል። እኛም ዓይናችንን መሬት መሬት እናያለን። ይህን ያህል ዓመት ተምረን ለዚህች ጥያቄ መልስ ማጣታችን አሳፍሮናል፤ ዛሬ ለመናገር የተነሣነውም ይኸው እፍረት ስለ ቀሰቀሰን ነው።

ገበሬው ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው የራሱ የጊዜ አቆጣጠር አለው። የትኛው እህል በበልግ፣ የትኛው በክረምት እንደሚዘራ ከእኛ መጻሕፍት ይልቅ እርሱ ያውቃል። ዛሬ የተዛባበት ይኸው ነው። የአገራችን አማካይ ሙቀት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 2006 ድረስ 1.3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ጨምሯል። ቁጥሩ ለዓይን ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ሲጨምር ከመሬት የሚተነው እርጥበት ስለሚበዛ፣ ዝናቡ እንደ ጥንቱ ቢዘንብ እንኳ ለአዝመራው አይበቃም። ከዚህም የከፋው የዝናቡ አለመታመን ነው። የመጀመሪያው ዝናብ ይጥላል፤ ገበሬው አምኖ ይዘራል፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ሳምንት ዝናቡ ይጠፋል፤ ቡቃያው ይደርቃል፤ ዘር እንደገና ከጎተራ ይወጣል። ጎተራው የጎደለበትማ ይበደራል።

የ1966ቱንና የ1977ቱን ረኃብ ከታላላቆቻችን ሰምተናል። የ2008 ዓ.ም. ድርቅ ግን እኛም የምናስታውሰው ነው፤ ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ዝናባችንን አዛብቶ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ እርዳታ አስፈለገው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በቦረናና በሶማሌ ምድር የአምስት ወቅት ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ ከብቱ አለቀ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «አየሩን ያበላሹት የባለጸጎቹ አገሮች ፋብሪካዎች ናቸው፤ ዕዳውንም እነርሱ ይክፈሉ» ይላሉ። ልክ ናቸው። የእኛ ገበሬ በሁለት በሬ አርሶ ዓለምን አላሞቀም። ካሣው መጠየቅ አለበት፤ ነገር ግን ፍርዱ እስኪሰጥ ድረስ ሰኔ ቆሞ አይጠብቅም።

ሌሎች ደግሞ፣ «ገበሬው ኋላ ቀር ነው፤ አዲስ ነገር አይቀበልም» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። ማሽላን እንመልከት። ረጅሙ የአገር ማሽላ በሚያዝያ ይዘራና ለመድረስ ብዙ ወራት ይፈጃል። የምርምር ጣቢያዎቻችን ቶሎ የሚደርሱ አጫጭር ዝርያዎችን አውጥተዋል፤ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ገበሬው ግን የአገዳውን ነገር ያስባል፤ አገዳው ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለጎጆው መሥሪያ ነው። አጭሩ ማሽላ ከድርቅ ቢያመልጥም ይህን ሁሉ አይሰጠውም። እንግዲህ ገበሬው የሚያመነታው ስላልገባው ነውን? አይደለም፤ ከእኛ ይልቅ ሒሳቡን አስፍቶ ስለሚያሰላ ነው እንጂ። ከዚህም በቀር አዲሱ ዘር ቢከሽፍበት በሬውን የሚሸጠው እርሱ ነው፤ የመከረው ሰው ደመወዝ ግን አይጎድልም።

ስለዚህ የእኛ አሳብ ይህ ነው፤ ለገበሬው ምክር ከማብዛት ይልቅ ሥጋቱን እንካፈለው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለምን? ምሳሌም አለን። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 በትግራይ አዲ ሓ በምትባል መንደር፣ ዝናቡ ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ለገበሬው ገንዘብ የሚከፍል ኢንሹራንስ ተሞከረ፤ ገንዘብ የሌለውም አረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍል ተደረገ። የኮንሶ ሕዝብ ከ400 ዓመት በላይ ድንጋይ እየካበ፣ ቁመቱ አንዳንድ ቦታ 5 ሜትር የሚደርስ እርከን ሠርቶ አፈሩንና ውሃውን ጠብቋል፤ ዩኔስኮም በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እርከን አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው አይደለምና፣ ይህም ሸክምን መካፈል ነው።

ከተማሩትም መካከል አርአያ አላጣንም። ዶክተር መላኩ ወረደ የጥንት ዘሮቻችን በዘር ባንክ ብቻ ሳይሆን በገበሬውም ማሳ ላይ እንዲጠበቁ ደክመው፣ በ1989 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በሣር ጎጆ ተወልደው ያደጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

እኛስ? ሁላችንም ተሸላሚ አንሆንም፤ ሦስት ነገር ማድረግ ግን እንችላለን።

አንደኛ፤ የሚቲዎሮሎጂውን የወቅት ትንበያ ገበሬው በሚናገረው ቋንቋ እንተርጉምለት። ትንበያ ዕድልን የሚናገር እንጂ ቃል ኪዳን አለመሆኑንም ሳንደብቅ እንንገረው።

ሁለተኛ፤ ለመመረቂያ ጽሑፋችን ስንት ማሳ ለካን፤ ስንት ገበሬ ጠየቅን! ውጤቱን ግን መደርደሪያ ላይ አስቀምጠን ሄድን። ከእንግዲህ የጠየቅነውን ሰው ተመልሰን ያገኘነውን ሳንነግረው ሥራችን አልቋል አንበል። ማኅበራችን ይህን ደንብ እንዲያደርገው፣ መምህሮቻችንም እንዲደግፉን እንለምናለን።

ሦስተኛ፤ ጉዳዩ የእርሻ ተማሪዎች ብቻ አይደለም። የሕግ ተማሪው የኢንሹራንሱን ውል ገበሬው በሚገባው ቃል ይጻፍ፤ የኢኮኖሚክስ ተማሪው የብድሩ መክፈያ ጊዜ ከአዝመራው ጊዜ ጋር መስማማቱን ይመርምር፤ የምሕንድስና ተማሪው የክረምቱን ጎርፍ የሚያቁር ኩሬ ይንደፍ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እዚህ ያደረሰን የገበሬው እህል ነው። በሚመጣው ዕረፍት አባቶቻችን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁናል። ዝናቡን እናመጣለን አንልም። ነገር ግን ቀና ብለን፣ «የሚታወቀው ይህ ነው፤ የማይታወቀው ይህ ነው፤ ቢከፋም ብቻዎን አይደሉም» ለማለት እንብቃ።