የሚከራይ ቤትና የጥገና ድርሻ



ከደመወዙ ቆጥቦ፣ ዕቁቡንም ጨምሮ፣ የሚከራይ ቤት ለመሥራት የሚነሣው የሙያ ባልደረባ ቁጥሩ ጥቂት አይደለም። መሐንዲስ እንደ መሆኑ መጠን የሲሚንቶውን፣ የብረቱንና የእጅ ዋጋውን በጥንቃቄ ያሰላል። ሆኖም ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው ቤቱ ሲያልቅ ነው፤ አከራይነት ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የዚህ ንግግር ዓላማ ከኪራዩ ላይ የጥገና ድርሻ ከመጀመሪያው ቀን ያልተመደበለት ቤት ባለቤቱንም ተከራዩንም እንደሚጎዳ ማስረዳት ነው።

ለዚህ አባባል የአገሪቱ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት አደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሲውሉ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ አነስተኛው ኪራይም በየደረጃው ተቀነሰ። ቅነሳው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበረ። ይሁን እንጂ ኪራዩ ለአያሌ ዓመታት ባለበት ሲቆይ፣ የዛገውን ቆርቆሮ ለመለወጥ፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ለመምረግ፣ የሞላውንም መጸዳጃ ለማስመጠጥ የሚበቃ ገንዘብ ከኪራዩ አልተገኘም። ከዚህም የተነሣ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ነዋሪዎቻቸው በውስጣቸው እያሉ አረጁ።

ይኸው ጉድለት በግል አከራይ ዘንድ በሌላ መልክ ይደገማል፤ ይኸውም ኪራዩን እንደ ወር ደመወዝ ቈጥሮ በሙሉ ማጥፋት ነው። ለስሌት ያህል የቦታው ዋጋ ሳይታሰብ 2,000,000 ብር የፈጀ ቤት በወር 10,000 ብር ይከራያል እንበል። በዓመት 120,000 ብር ስለሚያስገባ ወጪውን በ17 ዓመት ገደማ የሚመልስ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱ በዓመት አንድ ወር ባዶውን ቢቆይ፣ ለጥገናም ከሥራው ዋጋ አንድ ተኩል በመቶ፣ ማለትም 30,000 ብር ቢመደብ፣ ቀሪው 80,000 ብር ብቻ ነው፤ ዘመኑም ወደ 25 ዓመት ይረዝማል። የኪራይ ገቢ ግብርና የብድር ወለድ ደግሞ ገና አልተነኩም።

ሕጉም ይህን ስሌት አስቀድሞ መሥራትን ግድ ይላል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪ የሚደረገውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው መጠን ነው። ስለሆነም በመጀመሪያው ውል የተዘነጋውን ወጪ አከራዩ በማግሥቱ በተከራዩ ላይ ሊጭነው አይችልም። መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው እንደሚባለው ነው።

በዚህ ረገድ መሐንዲስ ከሌላው አከራይ የሚሻልበት መንገድ አለው፤ ጥገናን በንድፍ ሊቀንሰው ይችላልና። የጣሪያው ክፈፍ ሰፋ ቢል ግድግዳው ከክረምት ዝናብ ይጠበቃል። የውኃ ቧንቧው በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ ቢያልፍ፣ ለአንድ ፍሳሽ ሲባል ግድግዳ አይፈረስም። የፍሳሽ ጉድጓዱ መጣጭ መኪና በሚቀርበው በኩል ቢቆፈር ወጪው ይቀላል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጠንካራ ማማ ያለው ታንከር ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ተከራይም የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፣ የመብራትና የውኃ ሒሳብ በሰው ቁጥር ሲከፋፈል የሚነሣው የዘወትር ጭቅጭቅ ይቀራል።

እንግዲህ አከራይ ለመሆን ያሰበ ባልደረባ፣ መሠረቱን ከማስቆፈሩ በፊት ለጥገና ብቻ የሚውል የባንክ ሒሳብ ይክፈት፤ ከመጀመሪያውም ወር ኪራይ ድርሻውን ያስገባበት። ጣሪያው ባፈሰሰ ሌሊት ተከራዩ ልጆቹን ከጥግ ወደ ጥግ እያዛወረ ሲያድር፣ አከራዩ ጠዋት ሠራተኛ ይዞ ለመምጣት የሚችለው ገንዘቡ አስቀድሞ የተቀመጠ እንደ ሆነ ነው።