እንግዶቻችን የት ይደሩ?

(ከእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴው በማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አልጋ ለመናገር ነው። ከኋላ ያላችሁ አትሳቁ፤ ነገሩ ከምታስቡት በላይ አጣልቶናል።

እንደምታውቁት ከየክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡትን እንግዶቻችንን ማሳረፍ የዚህ ኮሚቴ ሥራ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው መኝታ ቤታችን ለኛ ለራሳችንም አልበቃ፤ ስለዚህ እንግዳው ውጭ ማደር ግድ ሆነበት። የት ይደር ሲባል ግን ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። እኩሌቶቻችን «እንግዳ ክቡር ነውና ደህና ሆቴል ይረፍ፤ ገንዘቡን ዞረን እንለምናለን» አልን። እኩሌቶቻችን ደግሞ «በትልቅ ሆቴል ለአንድ ሌሊት የሚከፈለው ገንዘብ ፒያሳ ብዙ ሌሊት ያሳድራል፤ ለምን እንበትነዋለን?» አልን። ሦስት ጊዜ ተሰበሰብን፤ ሦስት ጊዜም ሳንስማማ ተለያየን። በአራተኛው የተስማማንበትን ከመንገራችን በፊት ወደዚያ ያደረሰንን እንድትሰሙልን እንለምናለን።

ባለፈው ዓመት ሁለቱንም ሞክረናል። አንድ ደግ ሰው ለስድስት እንግዶች ቦሌ አካባቢ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል ከፈሉልን፤ የቀሩትን ዐሥራ አንዱን ፒያሳ ካለ አንድ ፔንሲዮን አሳደርናቸው። የሁለቱንም ቤት ስም አንጠራም።

የሆቴሉ እንግዶች በእውነት ተመችቷቸዋል። ሙቅ ውሃ ሌት ተቀን አለ፤ አንሶላው በየቀኑ ይለወጣል። ቁርሱ ከአልጋው ጋር የተከፈለ ስለ ሆነ አንዱ ወንድማችን ሁለት ጊዜ እየተነሣ ከበላ በኋላ «ለምሳ ይሆነኛል» ብሎ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በኪሱ ይዞ ይወጣ ነበር። እኛም ብንሆን እንዲሁ እናደርግ ነበር። ነገር ግን ጧት በሦስት ሰዓት በሚጀመረው ስብሰባችን ላይ አንድም ቀን በሰዓቱ አልደረሱም። ከቦሌ እስከ ስድስት ኪሎ የጧት የታክሲ ሰልፍ ምን እንደሚመስል ለናንተ መንገር አያስፈልግም። ማታም ጨዋታው መሞቅ ሲጀምር «ታክሲ ያልቅብናል» እያሉ ይነሣሉ። አራት ቀን ከርመው ሲመለሱ ከከተማችን የሚያውቁት የሆቴላቸውን መስኮትና የታክሲውን ወረፋ ነበር።

የፔንሲዮኑ እንግዶች ግን አርፍደው አያውቁም። እንዴት ያረፍዳሉ? ትኋኑ ገና ሳይነጋ ያስነሣቸዋል። ውሃ ቀን ቀን የለም። ባለቤቲቱን «እትዬ፥ ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ብለው ቢጠይቋቸው «ሌሊት ነው ልጆቼ፤ በባልዲ ሞልቼ አስቀምጥላችኋለሁ» አሉ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። በሁለተኛው ሌሊት ግን ከታች ያለው መጠጥ ቤት እስከ ስምንት ሰዓት ሲዘፍንባቸው አመሸ። ከዚህም የሚብሰው፥ የሁለቱ እኅቶቻችን ክፍል ቁልፍ አልሠራ ብሎ በሩን በጠረጴዛ ደግፈው ተኙ። ይህን የሰማነው ከሄዱ በኋላ ነው። ክፍሉን አስቀድመን ሳናይ ነበርና የተከራየነው፥ ጥፋቱ የኛ ነው፤ ያፈርንበትም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ማታ ማታ ከኛ ጋር ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ወርደው፥ ከዚያም ዳገቱን ወደ ፒያሳ ወጥተው ማኪያቶ ሲጠጡ፥ ስለ ትምህርታቸውና ስለ አገራቸው ሲያጫውቱን ያመሹት እነዚሁ ናቸው። እስከ ዛሬም የሚጽፉልን እነሱ ናቸው። ከሆቴሉ ስድስት እንግዶች አንዱ ብቻ ጽፎልናል፤ እሱም የረሳውን ሹራብ ለመጠየቅ ነው።

አራዳ እንግዳ ማሳደር ዛሬ አልጀመረም። በአገራችን የመጀመሪያው ሆቴል የቆመው እዚሁ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ. ም. ሆቴላቸውን ሲያቋቁሙ፥ መንገደኛ ያድር የነበረው በዘመድ ቤት ወይም በጌታ ግቢ ወይም በድንኳኑ ነበር፤ እህል በገንዘብ ሸጦ ማብላትም ገዝቶ መብላትም እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ሲነገር እንደምንሰማው ደፍሮ የሚገባ ሲጠፋ አጤ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ገብተው በሉ፤ ሒሳባቸውንም ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላውም ለመደ ይባላል። ታሪኩ እንዲህ ይሁንም አይሁን እኛን የሳበን ቦታው ነው። ሆቴሉ ከአራዳ ገበያ ብዙ አይርቅም ነበር። ገበያው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም የነበረው ጣሊያኖች በ1928 ዓ. ም. ገብተው ወደ ዛሬው መርካቶ እስኪያዛውሩት ድረስ ነው። (ገበያችንን አርቀው «ፒያሳ» የሚል ስም ትተውልን ሄዱ።) ሰው ለገበያ፥ ለጉዳይ፥ ለጊዮርጊስ ንግሥ ይመጣ ስለ ነበር ማደሪያውም ከመጣበት ነገር አጠገብ ሆነ።

ያ ሆቴል የኛን ክርክር በአንድ ግቢ ውስጥ አስታርቆት ኖሯል። ደህና ገንዘብ ያለው በዋናው ቤት፥ ወለሉ እንጨት፥ ጣራው ከፍ ያለ ሰፊ ክፍል ይይዛል፤ የሌለው ደግሞ ከጓሮ በኩል መታጠቢያው የጋራ የሆነ ትንሽ ክፍል ይከራያል። ለብዙ ዓመታት ባለጸጋውም፥ ሻንጣውን በጀርባው ያዘለው ፈረንጅ ተማሪም በአንድ በር ይገቡ ነበር። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ. ም. እሳት ተነሥቶ ከቤቱ ከፊሉንና ጃዛምባ የሚባለውን የጃዝ ቤት ሲያቃጥለው ከከተማው ሰው ብዙው ያዘነው፥ አንድም ሌሊት እዚያ ያላደረውም ጭምር ነበር። በዚያው ሠፈር ያሉት ባሮና ውትማ የሚባሉ ሆቴሎችም በውጭ አገር መንገደኞች መመሪያ መጻሕፍት ላይ ዋጋቸው ቀላል ተብሎ ዓመት ከዓመት ሲጻፍላቸው ቆይቷል። ታላላቆቹ ሆቴሎች ከአራዳ ወርደው ከቤተ መንግሥቱ አካባቢ የሰፈሩት ኋላ ነው፤ ሒልተን በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ ሸራተን በ1990 ዓ. ም. ተከፈተ። ሸራተን ያለበት መንገድ ጣይቱ ጎዳና መባሉን ልብ ያለ ከናንተ አለ?

ይህ ክርክር የኛ ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ወደ ትልልቅ የመዝናኛ መናፈሻዎቻቸው ሲሄዱ ይህንኑ ይከራከራሉ። ከመናፈሻው ባለቤት ሆቴል ገብተን ብዙ እንክፈል ወይስ ከአጥሩ ውጭ ርካሽ ክፍል እንያዝ ይላሉ። ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ መስማት ይጠቅመናል። ዋልት ዲዝኒ እ. ኤ. አ. በ1955 በካሊፎርኒያ አናሃይም ዲዝኒላንድን ሲከፍት ገንዘቡ ለመናፈሻው እንጂ ለሆቴል አልበቃውም፤ ሆቴሉን ጃክ ራዘር የሚባል የቴሌቪዥን ሰው እንዲሠራለት ለመነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው መሬትም የሱ አልነበረም። ስለዚህ ባለ መሬቱ ሁሉ እየተነሣ የመኪና መንገደኞች ማደሪያ ሠራበት። ዲዝኒ በዚህ ክፉኛ ተቆጨ። ልጆቹን ይዞ የመጣ ሠራተኛ ግን ማዶ ርካሽ ክፍል ይከራይና መንገድ ተሻግሮ በእግሩ ይገባ ነበር።

ለሁለተኛው መናፈሻ ዲዝኒ ተጠነቀቀ። በፍሎሪዳ በልዩ ልዩ ኩባንያዎች ስም እየተሸሸገ 27,000 ኤከር ያህል መሬት ገዛ። በኛ ቢለካ 270 ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው፤ የአንድ ባላባት ርስት ይመስላል። እሱ በ1966 ሞተና አላየውም፤ መናፈሻው በ1971 ሲከፈት ግን ሁለት ሆቴሎች ከርስቱ ውስጥ ተሠርተው ይጠብቁ ነበር። ዛሬ በመናፈሻው ሆቴሎች የሚያድር ከሌላው ሰው ቀድሞ እንዲገባ ይፈቀድለታል፤ ውጭ የሚያድረው በመኪና ይመጣል፤ ለመኪናው ማቆሚያም ይከፍላል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ አናሃይም ርካሹ አልጋ ከመንገድ ማዶ ነበር፤ ፍሎሪዳ ከ270 ጋሻ ወዲያ ሆነ። ርካሹ አልጋ በሁለቱም አለ፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። በአገራችንም ወደ ቢሾፍቱ ኩሪፍቱ የውሃ መናፈሻ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሪዞርቱ ውስጥ ለማደር አቅም ያነሰው ከተማው ውስጥ አልጋ ይይዝና በባጃጅ ይመላለሳል።

ኮሚቴውን ያስታረቀን ይህ ሐሳብ ነው። ለካ የምንጣላው ስለ ውድና ርካሽ ሳይሆን ስለ ቅርብና ሩቅ ኖሯል። አንዱ አልጋ ከሌላው በሌሊት 200 ብር ይረክሳል እንበል። ርካሹ ከከተማ ዳር ከሆነና እንግዳው ጧትና ማታ ለትራንስፖርት 100 ብር ካወጣ ትርፉ ተጋመሰ። በዚያ ላይ በቀን ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ከቆየ፥ አራት ቀን ለከረመ ሰው ዐሥራ ሁለት ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰዓት በታክሲ ወንበር ላይ እንዲያሳልፍ ሰውን ከጎንደር ወይም ከጅማ መጥራት አያስፈልግም።

ፒያሳ ያደረ እንግዳ ግን የመጣበትን ሁሉ በእግሩ ያገኘዋል። ጊዮርጊስ፥ የምኒልክ ሐውልት፥ በየካቲት 2016 ዓ. ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገቡ ናቸው። ሀገር ፍቅር ቴአትር ጥቂት ርምጃ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ አራት ኪሎ ከወጣ፥ በአንድ ወገን በ2012 ዓ. ም. የተከፈተው የአንድነት ፓርክ ያለበት የምኒልክ ግቢ፥ በሌላው ወገን ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ ከዚያ ወዲያ እኛ ነን። ለዚህ ሁሉ ማየት ገንዘብ የሚጠይቀው የመግቢያው ትኬት ብቻ ነው፤ ጫማ ማለቁን ካልቆጠራችሁት።

ታዲያ ለምን ዛሬ ወደ ስብሰባው አመጣነው? አልጋው እየጠፋ ስለ ሆነ ነው። በ2016 ዓ. ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ሌላ ሠፈር ሄደ፤ ከቤቶቹ ጋር አልጋ የሚያከራዩ ጓዳዎችና ፎቆች አብረው ሄዱ። ሐቁን ለመናገር፥ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ ማታ መብራት አለ፤ ከጭቃ ላይ ጭቃ መዝለል ቀርቷል። እኛም በመንገዱ ደስ ብሎን እንሄድበታለን። ከፈረሱት ቤቶች መካከል ሰው ሊያድርባቸው የማይገቡ ብዙ እንደ ነበሩም ትኋኑ ምስክራችን ነው። ነገር ግን ለዘመናዊ ሕንፃ ከሚታሰበው ሰፊ ቦታ ላይ ለተማሪ፥ ለነጋዴ፥ ለበሽተኛ አስታማሚ የሚሆን አልጋ ካልታሰበለት፥ ሰው የሚመጣበት ነገር እየበዛ ሰው የሚያድርበት ይርቃል። ያን ጊዜ አራዳ ፍሎሪዳ ሆነ ማለት ነው፤ አናሃይም መሆን ሲችል።

እንግዲህ ኮሚቴው የወሰነው ይህ ነው። የዘንድሮ እንግዶቻችን በሙሉ ከስድስት ኪሎ በእግር በሚደረስበት ቦታ ያድራሉ። ቦሌ አንወስዳቸውም፤ ደጉ ሰውም ይህን ነግረናቸው ገንዘቡን ለምግብ እንድናውለው ፈቅደውልናል። ነገር ግን ርካሽ ነው ተብሎ ያልታየ ክፍል አይከራይም። ቁልፉ ከውስጥ መቆለፉን፥ ውሃ ባይኖር በርሜል መኖሩን፥ ከታች መጠጥ ቤት አለመኖሩን፥ ዘበኛው በሩን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ሁለት ሁለት ሆነን ሄደን እናያለን። የእኅቶቻችንን ክፍል እኅቶች ራሳቸው ሄደው ያዩታል፤ እነሱ ያልወደዱትን ወንድ ተነሥቶ «ደህና ነው» አይልም። ደህና ክፍል ካነሰን ወላጆቻቸው በአራዳ፥ በሠራተኛ ሠፈርና በአራት ኪሎ አካባቢ ያሉ አባሎቻችን አንድ አንድ እንግዳ እንዲወስዱ እንለምናለን። እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከማቆማቸው በፊት ሰው ያድር የነበረው እንዲሁ አይደለም?

ከዚህም ጋር ለከተማው አስተዳደር የምንጽፈውን ደብዳቤ ረቂቅ አዘጋጅተናል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ በአራዳ በፈረሰው ቦታ ላይ ከሚሠራው ውስጥ ጥቂቱ ዋጋው ቀላል የሆነ፥ ንጹሕ የመንገደኛ ማደሪያ እንዲሆን። ረቂቁ ይነበብላችኋል፤ የምትጨምሩት ካለ ጨምሩበት።

እንግዳ ለመውሰድ የምትችሉ ስማችሁን በሩ አጠገብ ካለው ወረቀት ላይ ጻፉ። ክፍሎቹን ለማየት የምንወርደው ሐሙስ ማታ በአንድ ሰዓት ነው። የእጅ ባትሪ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ትኋን በቀን አይታይም።