ፀሐይ፣ ምች እና የልጆቻችን አጥንት

(በቢቸናና በሞጣ አባላት የጋራ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ የሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)

 

ኮሚቴው የጋበዘኝ ስለ ልጆች ማቆያው በጀት እንድናገር ነው። እንደምታውቁት እዚህ ቢቸና ሁለት ቤት ታይቷል። አንዱ ገበያው አጠገብ ነው፤ ሁለት ክፍል፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግቢ የለውም። ልጆቹ እንዳይሰለቹ ቴሌቪዥን ይገዛ ተብሏል። ሌላው ከገበያው ራቅ ይላል፤ ቤቱ አሮጌ ጭቃ ቤት ነው፣ አጥሩ ወድቋል፣ ኪራዩም ይበልጣል፤ ግን ሰፊ ግቢ አለው። ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ የሚረክሰውን እደግፋለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ የምደግፈው ግቢ ያለውን ነው። ምክንያቴ የልጆቹ አጥንትና ጡንቻ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ የምነግራችሁ ባለሙያዎች መርምረው የጻፉትን ነው።

ከሁሉ ያስደነገጠኝን ላስቀድም። በ1989 ዓ.ም. ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በሚባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ የተሠራው አዲስ አበባ፣ በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ነው። በሳንባ ምች ታመው የተኙ፣ ከ5 ዓመት በታች የሆኑ 500 ሕፃናትን ያዙ። ለማነጻጸሪያ ደግሞ የሳንባ ምች የሌለባቸው ሌሎች 500። ከዚያ በሁለቱም ወገን ሪኬትስ ያለበትን ቆጠሩ። ሪኬትስ ማለት የሚያድግ ልጅ አጥንት ሳይጠነክር ቀርቶ የሚለፈሰፍበት በሽታ ነው። የሳንባ ምች ከሌለባቸው 500 ውስጥ ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ነበሩ። ከታመሙት 500 ውስጥ ግን 210! የቤተሰቡን ብዛት፣ የቤቱን ጥበት፣ ጡት የጠቡበትን ጊዜ ሁሉ አስልተው ካስተካከሉ በኋላም ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እኔ እንዲህ ያለ ልዩነት መዝገብ ላይ ባይ ሥራዬን አቁሜ ደረሰኝ አምጡ እላለሁ።

አጥንትን ከሳንባ ምን አገናኘው? የልጅ አጥንት የሚረዝመው ጫፍና ጫፉ ላይ ባለው ለስላሳ ልም አጥንት ነው። ያ ልም አጥንት የሚጠነክረው ካልሲየም ሲገባበት ነው። ካልሲየም ደግሞ ከምግብ ወደ ደም በደንብ እንዲያልፍ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን ዲን አብዛኛውን የሚሠራው ቆዳችን ነው፣ ፀሐይ ሲያገኝ። ፀሐይ ከጠፋ አጥንቱ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቆያል፣ የእጁ አንጓ ያብጣል፣ መቀመጥና መቆም ይዘገያል፣ መሄድ ሲጀምር እግሩ ይቆለመማል። ጡንቻውም አብሮ ይዝላል። የጎድን አጥንቱ ለስላሳ፣ ጡንቻው ደካማ የሆነ ሕፃን ደግሞ አየር በደንብ ስቦ፣ አክታውን በሳል መግፋት አይችልም። ትንሽ ጉንፋን ሳንባው ውስጥ ይቀመጣል።

እንግዲህ እኛ ሕፃን ፀሐይ የማናወጣው ለምንድን ነው? ምች እንዳይመታው፣ ብርድ እንዳያገኘው፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ነው። ወንዱ እስከ 40፣ ሴቷ እስከ 80 ቀን ክርስትና ድረስ ከቤት አትወጣም፤ ሙስሊም እህቶቻችንም አርባውን ቀን በቤት ይቆያሉ። ይህ አራስን የማክበር ደግ ልማድ ነው፤ ይቅር አልልም። ዳማከሴንም አላጣጥልም፣ እኔም ቤት አለ። ግን አስቡት፤ ምችን ፈርተን በጨለማ ያቆየነው ልጅ በዚያኛው ምች፣ በሳንባ ምች እየተያዘ ነው። የእናት ጡት ለሕፃን የሚተካው የለም፤ ይሁንና ቫይታሚን ዲ በውስጡ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ፀሐይ ያስፈልገዋል። ደጅ መውጣት ካልተፈለገ የበር ደፍ ላይም ይበቃል። እጅና እግሩን መግለጥ፣ ራሱንና ዓይኑን መከለል ነው። በመስተዋት መስኮት የሚገባ ፀሐይ ግን ይሞቃል እንጂ ቫይታሚኑን አያሠራም፤ በፎጣ የተጠቀለለም ልጅ እንደዚያው ነው። ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ደቂቃ ለሚለው የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት እናታችን «አንቺ ልጅ፣ እኛ ሰባት ስናሳድግ ማን እግሩ ጎበጠ?» ብለውኛል። እውነታቸውን ነው። በገጠር ልጅ ከክርስትናው በኋላ በእናቱ ጀርባ ሜዳ ነው የሚውለው፤ እግር ሲያወጣ ጥጃ ይከተላል። የኛ የከተማዎቹ ልጆች ግን ከሱቅ ጓዳ፣ ከጉልት ላስቲክ ሥር ነው የሚውሉት። ይህን ደግሞ በ2007 ዓ.ም. በታተመ ጥናት በአዳማ ተማሪዎች ላይ አይተውታል። ቫይታሚን ዲ ያነሰባቸው ከገጠሮቹ ተማሪዎች 21 በመቶ ያህል ሲሆኑ፣ ከከተማዎቹ 62 በመቶ ያህል ነበሩ። ቤታቸው ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒውተር ያለባቸው ልጆች ጭምር ይበልጥ ተጎድተው ተገኝተዋል። የ13 ወር ፀሐይ ሀገር እያልን ለቱሪስት የምናወራው እኛ ነን! ቴሌቪዥኑን ከበጀቱ ላይ የሰረዝኩት ለዚህ ነው። ክፋት አይደለም፣ ልጆቹ እንደሚወዱት አውቃለሁ።

ጡንቻውንም አልርሳ። አጥንት የሚጠነክረው ጡንቻ ሲጎትተውና ሲረገጥ ነው። በፊንላንድ ቴኒስና ስኳሽ የሚጫወቱ ሴቶችን መርምረው በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት ውጤት አለ። የሚጫወቱበት ክንድ አጥንት ከሌላው ክንዳቸው ይጠነክራል፤ ይህ ልዩነት የወር አበባ ከማየታቸው በፊት ወይም ባዩበት ጊዜ በጀመሩት ላይ፣ ካደጉ በኋላ ዘግይተው ከጀመሩት ከ2 እስከ 4 እጥፍ ሆነ። ይህ የሴት ልጆቻችን ጉዳይ ነው። ልጃገረድ በዚያ ዕድሜ ያላጠራቀመችውን አጥንት በኋላ ልሙላ ብትል አይሞላላትም፤ ስታረጅ ወገቧ ላይ ይታያል። እኛ ግን ልጁን ኳስ ተጫወት ብለን ልጅቱን «ተሰብስበሽ ተቀመጪ» እንላለን። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገመድ ዝላይ፣ አባሮሽ፣ እነዚህ ቦታ ይፈልጋሉ። ከትምህርት ቤት መልስ ትልልቆቹም ልጆቻችሁ ወደ ማቆያው ስለሚመጡ ግቢው ለእነሱም ነው። ውኃ በእንስራ ማሸከሙ ስፖርት ይሆናል ወይ ያላችሁኝ ነበራችሁ፤ እሱ ሌላ ነው፣ አይሆንም።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም፤ በመቀንጨር ላይ ያለፈው ዓመት ሥልጠና ተሰጥቷል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በክልላችን ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ፤ ያኔ ከሀገሪቱ ክልሎች ሁሉ የበዛው የኛ ነበር። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የሰቆጣን ቃል ኪዳን ያወጣውም ይህን ለማጥፋት ነው። የአካባቢያችን ጤፍ ካልሲየሙ ከስንዴና ከበቆሎ ይበልጣል፤ ሲቦካ ደግሞ ሰውነት ይበልጥ ያገኘዋል። እንቁላልና ወተት ግን ይጎድላል፣ በተለይ በጾም ወራት። ሕፃናት እንዲጾሙ አልታዘዘም፤ የሚቸግረን ዕቃው መነካካቱ ነው። ለማቆያው ለብቻው አንድ ድስት፣ አንድ ጭልፋና የልጆች ሳህን በጀቱ ውስጥ አስገብቻለሁ።

አጋሮቻችን፣ ለእናንተ አንድ ጥያቄ አለኝ። በሪፖርት ቅጹ ላይ የምትጠይቁን «ስንት ልጅ ተቀበላችሁ» ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ግቢ የሌለው ቤት ይበልጣል፣ ምክንያቱም በዚያው ገንዘብ ብዙ ልጅ ይይዛል። ልጆቹ በቀን ስንት ሰዓት ደጅ እንደዋሉም ጠይቁን። ለቴሌቪዥን የተያዘውን ገንዘብ ለአጥርና ለአንድ ዳስ እንድናዞረውም በጽሑፍ ፍቀዱልን፤ ያለ እናንተ ፊርማ እኔ ከአንዱ ርዕስ ወደ ሌላው ማዞር አልችልም።

እናቶቼ፣ ከናንተ የምፈልገው ድምፅና ጉልበት ነው። የኪራዩን ልዩነት ለመሸፈን ከወርሃዊ መዋጮው ላይ ጥቂት መጨመር ያስፈልጋል፤ ስሌቱን በሩ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ማንበብ ለማትችሉ ከሻይ በኋላ አነብላችኋለሁ። አጥሩን የባሎቻችሁ ደቦ በሁለት ቅዳሜ ይጨርሰዋል ብዬ ገምቻለሁ፤ ለአናጺ አልያዝኩም። የሞጣ እህቶቻችን በሚመጣው ዓመት ይህንኑ መንገድ ስለምትከተሉ ድምፃችሁ እዚህም ይቆጠራል። ግቢ ያለውን ቤት ባለቤት እስከ ሰኔ 30 ቀን እንዲጠብቁን ለምነናቸው እሺ ብለዋል።